ቤት ለቤት የሚሰጥ የማስታገሻ ሕክምና ለሳንባ ሕመምተኛ፦ የአንድ አገልግሎት ግምገማ

በሽታውን ለማዳን ሳይሆን ሥቃዩን ለማቅለል የሚሰጠው የማስታገሻ ሕክምና ሲባል በአገራችን ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ካንሰርን ነው፤ ሳንባው ለዓመታት ተጎድቶ ከወንበር ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት እስኪደርስ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እናታችን ከእንዲህ ያሉት ሕመምተኞች አንዷ ናት። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ቤት ውስጥ በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ሐኪሟ ሳንባዋን ወደ ነበረበት የሚመልስ ሕክምና እንደሌለ ከነገሩን በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነርስ ቤት ድረስ ከሚልክ አንድ የግል ድርጅት ጋር ተዋዋልን። ከማመስገኔ ጎን የምወቅሰውም ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

ሲስተሯ መጀመሪያ በመጣች ዕለት ቦርሳዋን ከመክፈቷ በፊት ክፍሉን ዞራ አየች። አልጋው ወደ መስኮቱ እንዲጠጋ፣ ቡናውም ከነከሰሉና ከነዕጣኑ ከእናታችን ክፍል እንዲርቅ አደረገች። ከዚያም «እማማ፣ እስቲ ክርንዎን ትራሱ ላይ ደገፍ ያድርጉት» ብላ፣ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ትራስ ተደግፎ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ መቀመጥን አሳየቻት፤ አነስተኛ ማራገቢያም በፊቷ ትይዩ አስቀመጠች። ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቀዝ ያለ አየር የትንፋሽ ማጠርን ስሜት ያቀልላል፤ ይህን ቀላል ነገር ከዚያ በፊት የነገረን ባለሙያ አልነበረም።

ቤት ውስጥ የተከራየነው በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን እየለየ የሚሰጥ ማሽን) ነበረን። ታናሽ ወንድሜ እናታችን በተጨነቀች ቁጥር መጠኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ሲስተሯ ጣት ላይ የሚደረገውን የደም ኦክስጅን መለኪያ እያሳየችው፣ እንደ እናታችን ላለ ሕመምተኛ ከ88 እስከ 92 በመቶ በቂ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ መልቀቅ ግን በአንዳንዶች ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲከማችና ሕመምተኛው እንዲደነዝዝ ሊያደርግ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችው። ማሽኑ በሚሠራበት ክፍል ጧፍም ሆነ ክብሪት እንዳይለኮስ፣ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜም የተሞላ ሲሊንደር እንዲዘጋጅ አሳሰበችን።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን ሞርፊን የተባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው። የድርጅቱ ሐኪም በትንሹ፣ በ2.5 ሚሊ ግራም የሚጀመር የሚጠጣ ሞርፊን ሲያዙ፣ አክስቴ «ልትገድሏት ነው እንዴ?» ብለው ተነሡ። ሐኪሙ አልተቆጡም፤ መድኃኒቱ ሳንባን እንደማያድን፣ በአነስተኛ መጠንና በክትትል ሲሰጥ ግን የመታፈንን ስሜት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነገሯቸው። እናታችን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ጥቂት ሰዓት ጋደም ብላ መተኛት ችላለች። የኦክስጅን መለኪያው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጭንቀቷ ነው፤ ለእኔ የአገልግሎቱ ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው።

ቅሬታዬ ስለ ሌሊቱ ነው። የትንፋሽ ማጠር የሚብሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ሆኖ ሳለ፣ «24 ሰዓት» ተብሎ የተሰጠን ስልክ ከምሽት በኋላ ሲጠራ ቆይቶ ይዘጋል። አንድ ሌሊት ማንም ባለማንሣቱ እናታችንን ይዘን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠናል፤ ውል የገባነው ግን በትክክል ይህን ለማስቀረት ነበር። የሐኪሙ ጉብኝት ለብቻው እንደሚከፈልም ያወቅነው ደረሰኙ ሲመጣ ነው። ነርሶቹ ቶሎ ቶሎ አለመቀያየራቸው ግን በበጎ የሚነሣ ነው፤ እናታችን ያው ሲስተር ስትመጣ የምትፈራውን ሁሉ ትነግራታለች።

በሁለቱም ወገን ያለውን መዝኜ ውሉን አድሰናል። አዲስ የሚዋዋል ቤተሰብ ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ማን እንደሆነ፣ ሞርፊኑ ሲያልቅ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚታዘዝና የሐኪም ጉብኝት ዋጋ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበል። ሕመምተኛው ከአልጋ እስኪውል ድረስም መጠበቅ አያስፈልግም፤ አገልግሎቱ ከሳንባ ሐኪሙ ክትትል ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል።