ከታይዋን ገበያ የገዛሁት መልቲሜትር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ቢጫ ዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገዛሁት ተቸግሬ ነው። አሮጌዋ ኮሮላዬ ሜዳው ላይ ደህና ትሄድና ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት አጥታ ትጠፋ ነበር። መካኒኩ "አቦ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሞቷል፣ ቀይረው" አለኝ። ፓምፕ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ሳልገዛ ላረጋግጥ አልኩ።

ከፊውዙ ጀመርኩ። መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጥበት ላይ አድርጌ የፊውዙን ሁለት እግሮች ስነካ ጮኸ። ደህና ነው ማለት ነው። ግን ላዩ ላይ 30 ይላል። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ለዚያ ቦታ የሚለው 15 አምፔር ነው! አንዱ ሲቃጠልበት ትልቁን ሰክቶ ሄዷል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፊውዙ ሳይበጠስ ሽቦው ይግላል፤ ሽቦው ደግሞ እስከ ቤንዚኑ ድረስ ነው የሚሄደው። ወደ 15 መለስኩት።

ቀጥሎ ኮፈኑ ስር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ኤፍፒ (የነዳጅ ፓምፑ መስመር) እና ፕላስ ቢ (የባትሪው ፖዘቲቭ) የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኘሁና ቁልፉን ከፈትኩ። ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ እንዲሠራ ነው። በሮቹን ከፋፍቼ የኋላ ወንበሩን አነሳሁ። የፓምፑን ሶኬት ነቅዬ ስለካው 12.4 ቮልት። ሽቦው ጤነኛ ነው ብዬ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

የተነቀለ ሶኬት ግን ያታልላል። ከረንት ካልሄደበት የዛገ መስመርም ሙሉ ቮልት ያሳያል። ሶኬቱን መልሼ ሰክቼ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ከጀርባው ስለካው 9.1 ሆነ። የት ጠፋ? አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፓምፑ ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። መመለሻው መስመር ላይ 2.7 ቮልት ይጠፋል! ዜሮ ሊጠጋ ሲገባው። ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጥብቄ አሰርኩት። ኔጌቲቩ ወደ 0.1 ወረደ፣ ፓምፑ ጋ 11.7 ደረሰ። ያው ፓምፕ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደንገጎን ስንቴ ወጥቼበታለሁ፣ አንዴም አልጠፋችብኝም።

ወደ መልቲሜትሩ ልመለስ። ቁጥሩ እስካሁን አልተዛባም፤ በየወሩ ከጎረቤቴ መልቲሜትር ጋር አስተያየዋለሁ። ድምፁ ሞተር እየሠራም ይሰማል። የድሬ ሙቀት ግን ይከብደዋል። ቀትር ላይ መኪና ውስጥ ትቼው ስክሪኑ ጠቁሮ ቁጥሩ አልነበብ ብሎኛል፤ ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። መብራት የለውም፣ ስለዚህ ማታ ስልኬን በጥርሴ ይዤ ነው የምለካው። ገመዶቹ ደረቅ ናቸው። በአምስተኛው ወር ቀዩ መያዣው ጋ ተሰነጠቀ። ናስትሮ ጠቅልዬበት ነበር፣ በኋላ ግን ለስላሳ ገመድ ለብቻው ገዛሁለት። ለሚገዛ ሰው የምለው፣ ገመዱን ያን ዕለት ቀይሩት።