የገንዳውን ወለል ላሳየችኝ የመነጽር ባለሙያ

ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ፣ ከአንድ የጫማ መደብር ጎን ባለው ጠባብ ደረጃ ወጥታችሁ በስተግራ የምታገኟት የመነጽር ባለሙያ ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። «ጋሼ፣ ስሜን ጽፈው ነገ አንድ ሌንስ ቢሰበርብኝ በየት በኩል እሸሻለሁ?» ነው ያለችኝ። ስሟን ትቻለሁ፤ ሥራዋን ግን አልተውም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በውጤት አሰጣጥ ንፉግ እየተባልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ምስጋናዬን በዚያው ሚዛን ተቀበሉልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቴ ነው። ሐኪሜ «ደረጃ መውጣት ይቀንሱ፣ ይዋኙ» አለኝ። ለአፍ ቀላል ነው። የቀኝ ዓይኔ ቁጥር ማይነስ 5.50፣ የግራው ማይነስ 4.00 ነው፤ መነጽሬን ካወለቅሁ ዓለም ሁሉ እንፋሎት የለበሰ የሻይ ቤት መስኮት ትሆንብኛለች። በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ገንዳ በዋልኩበት የመጀመሪያው ጠዋት የሰው ፎጣ ለብሼ፣ በሰው ወንበር ተቀምጬ፣ የማላውቃቸውን እናት «እትዬ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ደኅና ናቸው አሉኝ፤ ጨዋ ሴት ናቸው። በማግስቱ የዘወትር መነጽሬን በክር ከራሴ ጋር አስሬ ገባሁ። ክሩ አልከዳኝም፤ መነጽሩ ግን ከውኃው በታች አንድም ነገር አላሳየኝም።

«ሐይቁ እያለልህ ለገንዳ ምን ያስከፍልሃል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ሐይቃችንን ማንም ከእኔ በላይ አይወደውም፤ ያደግሁት በዳሩ ካለው ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እየበላሁ ነው። ነገር ግን ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። ደግሞም ውኃው ድፍርስ ስለሆነ የንስር ዓይን ያለው ሰው እንኳ ቢጠልቅበት ከክንዱ ማዶ ብዙም አያይም።

ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት አንድ ሌላ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሰውየው «ቀላል ነው ጋሼ» አለና የአሮጌ መነጽሬን ሌንስ ቆርጦ በተራ የዋና መነጽር ውስጥ በሱፐር ግሉ ለጠፈልኝ። በሁለተኛው ቀን ሌንሱ ውስጡ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ሱቁን አልጠራም፤ ገንዘቡንም ረስቼዋለሁ። አልረሳሁትም።

ያንን ጉድ ይዤ ነው ደረጃውን የወጣሁት። ተቀበለችኝ፣ በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው፣ «ይህ ሙጫ ሲደርቅ ተን ያወጣል፤ ተኑ ነው ነጭ ያለበሰው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ዋጋ ልትነግረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ውኃ የሞላ ሳፋ ይዛ ተመለሰች። የአንድ ብር ሳንቲም ጣለችበት። አጉሊ መነጽር ከውኃው በላይ ያዘችልኝ፤ ሳንቲሙ ድፎ ዳቦ አከለ። ቀጥላ አጉሊ መነጽሩን ከነእጇ ውኃው ውስጥ ነከረችው። ሳንቲሙ ወደ ሳንቲምነቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

«አዩ ጋሼ? ሌንስ የሚሠራው ብርሃን ከአየር ወደ እሱ ሲገባ ስለሚታጠፍ ነው። ውኃ ውስጥ መታጠፉ ይሞትበታል።»

ከዚያ ዓይንን አስረዳችኝ። ብርሃንን የማጠፍ አቅም በቁጥር ሲለካ የአየር 1 ነው፣ የውኃ 1.33፣ የኮርኒያ ማለትም ዓይናችንን ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለ ሽፋን ደግሞ 1.38 ገደማ። ዓይናችን ካለው 60 ያህል ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት 43 ያህሉ የሚገኘው ብርሃን ከአየር ወደ ኮርኒያ ሲገባ ነው። ውኃና ኮርኒያ በቁጥር የተቀራረቡ ስለሆኑ ብርሃኑ እምብዛም ሳይታጠፍ ያልፋል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ይጠፋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ዓይኑን የገለጠ ሰው፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ብዥ ይልበታል። የዋና መነጽር ዋና ሥራው ውኃ መከልከል ብቻ ሳይሆን ከዓይናችን ፊት ትንሽ አየር አስቀርቶ መያዝ ነው። አየሩ ካለ ዓይን ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ የእኔ ዓይነቱ ደግሞ በየብስ የሚጎድለው ቁጥር ብቻ ይጨመርለታል። በክር ያሰርኩት መነጽር ለምን እንደከዳኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከፊቱም ከኋላውም ውኃ ነበር።

እንዲህ ካስረዳች በኋላ ልትሸጥልኝ ነው ስል «እኔ ዘንድ የለም» አለችኝ። ቁጥር ያለው የዋና መነጽር ውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ነው፤ በግማሽ በግማሽ ቁጥር እየተራመደ ይሸጣል፤ አንዳንዱም ግራና ቀኙ ለየብቻ ተገዝቶ በአፍንጫ ድልድይ ይያያዛል። ለእኔ የሚሆነው ይኸኛው ነው፤ ዓይኖቼ እኩል አይደሉምና። ሌላ ጣጣም ነበር። በቀኝ ዓይኔ 1.00፣ በግራው 0.50 አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን ክብነት መዛባት፣ አለብኝ፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መነጽር ደግሞ አስቲግማቲዝም አያርምም። እሷ የአስቲግማቲዝሙን ግማሽ ወስዳ ከዋናው ቁጥር ላይ ደመረች። ቀኙ 5.50 እና 0.50፣ 6.00 ሆነ። ግራው 4.00 እና 0.25፣ 4.25 ሆነ፤ እንዲህ ያለ ስለማይሸጥ ወደ አነስተኛው፣ ወደ 4.00፣ አወረደችው። ከመጠን በላይ የበረታ ሌንስ ዓይን ያደክማል፤ በመጠኑ ያነሰው ግን ገንዳ ውስጥ አይጎዳም አለች።

በወረቀት ብቻ አላመነችም። ያንን ከባድ ክብ የመሞከሪያ ክፈፍ ፊቴ ላይ አድርጋ 6.00 እና 4.00 ጨመረችበትና በረንዳ ላይ አቆመችኝ። «የባጃጆቹን ታርጋ ያንብቡልኝ» አለች። አነበብኩ። ሦስት ባጃጅ አለፈ፤ ሦስቱንም። ከታች ያለች ጀበና አቅራቢ ልጅ ትራፊክ ፖሊስ የመጣ መስሏት ቀና ብላ ታየኝ ነበር። በሁለቱ ብሌኖቼ መካከል ያለውን ርቀት ለክታ፣ ሁሉንም በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ዋጋ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን ለጎረቤታችን ልጅ ወደ ዱባይ ላክሁት፤ መነጽሩ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ።

ያን ዕለት አብሮኝ የነበረው የወንድሜ ልጅ «እኔ ኮንታክት ሌንሴን እንዳደረግሁ ነው የምዋኘው» ብሎ አፉን ከፈተ። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ በሐይቅም፣ በቧንቧ ውኃም፣ በገንዳም ይኖራል፤ ክሎሪን ሁልጊዜ አይገድለውም። በኮንታክት ሌንሱና በኮርኒያው መካከል ከገባ ኮርኒያውን ይበላል፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ዓይን የሚጠፋበትም አለ። ልጁ በዚያው ሳምንት የራሱን ቁጥር አስለክቶ አዘዘ። ኮንታክት ሌንስ ሻጭ ሆና ሳለ ነው ይህን የነገረችው፤ ልብ በሉልኝ።

ስለ ገንዳው ምን ልበላችሁ? በመጀመሪያው ቀን መዋኘት ትቼ ወለሉን ሳይ ዋልኩ። ጥቁሩን መስመር፣ የተሸረፈውን ሰቆች መጋጠሚያ፣ የአንድ ልጅ የፀጉር ማስያዣ። የግድግዳውን ሰዓት ከነደቂቃ ቆጣሪው አነበብኩ። እነዚያን እናትም አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንድ ነገር ግን ባለሙያዋ ቀድማ ብታስጠነቅቀኝም አልሰማኋትም ነበር፤ በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ሲታይ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። አራት ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ ሦስት ሜትር ላይ ይመስላል። በዚህ የተነሳ ግድግዳው ገና ሳለ እየዞርኩ ባዶ ውኃ ስረግጥ ሰነበትኩ። ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ ከዚያ ዓይኔ ለመደው።

ጥር ላይ ጅቡቲ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ጋበዘችኝ። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሙሻ የምትባል ደሴት አለች፤ ዙሪያዋ ኮራል ነው። ከሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርጄ ባሕር ጠለል ላይ ልቆም ነው። ባለሙያዋን በገንዳው መነጽሬ ልሂድ ስላት «ላይ ላይ ለመንሳፈፍ ይሁን፤ ትንሽ ከጠለቁ ግን አይሆንም» አለች። አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ይሆናል። የዋና መነጽር አፍንጫን ስለማይሸፍን ውስጡ ያለውን አየር ማመጣጠን አይቻልም፤ ዓይንን እንደ ዋግምት ይስባል። አፍንጫን የሚሸፍን የመጥለቂያ ማስክ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ማስክ ውስጥ አስቲግማቲዝምን ጨምሮ የሚሠራ ሌንስ መለጠፍ ይቻላል፤ «ግን አረፋ የማያስገባ ልዩ ሙጫና መሣሪያ ይጠይቃል፤ እኔ የለኝም፤ አልሞክረውም» አለችኝ። ያ ሱፐር ግሉ ትዝ አለኝ። በምትኩ ሁለቱ መስታወቶቹ ተፈትተው በቁጥር የሚተኩበት ማስክ አስመጣሁ፤ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ገጣጠመችው። ከዚያ ማሰሪያውን ሳልጠቀም ፊቴ ላይ እንዳደርገውና በአፍንጫዬ አየር እንድስብ ነገረችኝ፤ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው። አልቀረም፤ ወደቀ። ጥፋቱ የጢሜ ነው፤ ሲሊኮኑ ከፀጉር ላይ አይጣበቅም። ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን ጥግ ላጨሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቃለች። ሙሻ ላይ ግን ጠብታ ውኃ አልገባብኝም፤ ቢጫውንም ሰማያዊውንም ዓሣ ከነሽርጡ ቆጥሬ መጥቻለሁ።

ጉድለቷን ካልጻፍኩ ምስጋናው ሽንገላ ይመስላል። ስልክ አታነሳም። «ጠዋት» ስትል አራት ሰዓት ተኩል ማለቷ ነው። ደረጃው ደግሞ ለጉልበት ሕመምተኛ ቅጣት ነው። የምትሄዱ ሰዎች ከስድስት ወር ያልበለጠ የዓይን ምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም ትመልሳችኋለች። ቁጥራችሁ አንድ ገደማ ከሆነ ተራው የዋና መነጽር ይበቃችኋል ብላ ባዶ እጃችሁን ልትሸኛችሁም ትችላለች፤ አትቀየሟት። መነጽሩን ከገዛችሁ በኋላ የውስጡን ገጽ በጣታችሁም በፎጣም አትሹት፤ ጉም የሚከለክለው ሽፋን ይላጣል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ቦታውን በትክክል የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ከጅቡቲ ስመለስ ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩና አንድ ተራ የዋና መነጽር ገዛሁላት፤ ዓይኗ ጤነኛ ነው። ተቀብላ አገላበጠችው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጉልበቴ በላይ ውኃ ገብቼ አላውቅም» አለች። ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ! ጥቂት አሰበች። ከዚያ ያንን ሳፋ ከጓዳ አምጥታ ሳንቲሙን ጣለችበት፤ መነጽሩን አጠለቀች፤ ሁለት ደንበኞች በር ላይ ቆመው እያዩ ፊቷን እስከ ጆሮዋ ነከረች። ቶሎም አልወጣችም።