የጅዳው ቴሌስኮፕ ይሻላል ወይስ አናጢው የሚሠራው?

ሰሞኑን የሚደወልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ለልጁ ቴሌስኮፕ ልገዛለት ነው፣ የቱን ልግዛ?» አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ ሌላው እዚሁ ደሴ ከሰኞ ገበያ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም ጽፌው ብገላገል ይሻላል።

ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም። ሙሉ ቴሌስኮፕ አትግዙ። ብርሃን የሚሰበስበውን መስታወትና የዓይን ሌንሱን ብቻ ግዙ። ሌላውን በኮምፔንሳቶ ራሳችሁ ሥሩት፣ ካልሆነም አሠሩት። መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ካቻቢቴና ብርጭቆ ወረቀት ካለ ይበቃል።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚመኘውን እንየው። እኔ እዚህ አካባቢ ያየኋቸው በብዛት ከዓረብ አገር በሻንጣ የመጡ ናቸው። የጎረቤታችን ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ለወንድሟ ያመጣችለት ዓይነት። ፊቱ ላይ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከሥር ሦስት ቀጫጭን የአሉሚኒየም እግር። ካርቶኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቷ ታበራለች። «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል ጽሑፉ። ቁጥሩ ከየት መጣ? የሌንሱ የፎከስ ርቀት፣ ማለትም ከሌንሱ ምስሉ እስከሚጠራበት ቦታ ያለው፣ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ለ4 ሚሊዋ የዓይን ሌንስ ሲካፈል 175 ይሆናል። ሦስት እጥፍ የምታደርግ ተጨማሪ ሌንስ ይሰኩበትና 525 ይሉታል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ የሚታየው ግን ጭጋግ ነው። ቴሌስኮፕ ሰማዩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው የሚችለው። የ70ው ጣሪያ 140 ነው። ከዚያ በላይ የምታጎሉት ብዥታውን ነው።

ሌንሱስ ክፉ አይደለም። የሚያናድደው እግሩ ነው። ጨረቃን በስንት መከራ ታገኟታላችሁ፣ ፎከስ ልታደርጉ ጣታችሁን ስታሳርፉ ትንቀጠቀጣለች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ከተጨመረበት በቃ፣ ወደ ቤት ነው። የልጁ ቴሌስኮፕ ላይ መጀመሪያ የእግሩ ፕላስቲክ ማጥበቂያ ተሰነጠቀ። ቀጥሎ የፎከሱ ጥርስ ተበላ። ካሜራና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድነው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ ሲሠራም እንዲፈታ ተብሎ አይደለም» አለን። ጥርሱና ዘንጉ አንድ ላይ የወጡ ፕላስቲክ ናቸው። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። በሱፐር ግሉ ተጣበቀ፤ የሙጫው ትነት ደግሞ ሌንሱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። አሁን ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ከዚህ የባሰም አለ። ወፍራምና አጭር ቱቦ ያለው፣ ባለ መስታወቱ። «114 ሚሊ ሜትር፣ ፎከስ 1000» ተብሎ ተጽፎበታል። ቱቦውን ስትለኩት ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። የጎደለውን ርቀት የምትሞላው ፎከሰሩ ውስጥ (የዓይን ሌንሱ የሚሰካበት፣ ፎከስ የሚደረግበት) የተደበቀች ትንሽ ሌንስ ናት። ዘዴው በደንብ ከተሠራ ይሠራል። በርካሽ ሲሠራ ግን ምስሉ አይጠራም፣ መስታወቶቹን መስመር ማስያዙም ራስ ምታት ነው። ሻጩ «ይሄኛው እኮ ትልቅ ነው» ሲላችሁ ሜትር አውጡ። በዚህ ዋጋ ቱቦው ከተጻፈው ፎከስ በግማሽ ካጠረ አመስግናችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ብሩ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር ብጽፍላችሁ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ የውጩን በዶላር ልናገር። የጅዳው ዓይነት 70 ሚሊ ከ60 እስከ 80 ዶላር ነው። ለኔው ሥራ የ150 ሚሊ መስታወት፣ ብርሃኑን ወደ ዓይን ሌንሱ የምትመልሰውን ትንሿን ሰያፍ መስታወት ጨምሮ፣ 100 ዶላር ገደማ ወጣ። ሁለት ፕሎስል የሚባሉ የዓይን ሌንሶች፣ ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ፣ 40 ዶላር። ፎከሰር 20። ድምሩ 160 መሆኑ ነው። እዚህ ደግሞ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አንድ ሙሉ 4,200 ብር፣ ብሎን፣ ስፕሪንግና ኮላ 700፣ የማያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም 400፣ የአናጢ 1,000። 6,300 ብር።

«ከጅዳው እጥፍ በላይ ሆነ እኮ!» ትሉኛላችሁ። ሆነ። ግን 150 ሚሊ መስታወት ከ70ው 4.6 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ይህን የሚያህል ያለቀለት ቴሌስኮፕ ልግዛ ብትሉ ከ300 ዶላር ይጀምራል፣ ሻንጣ ውስጥም አይገባም። መስታወቱ ግን ልብስ መሃል ተጠቅልሎ ይመጣል። አቅም ካጠረ የ114ቱ መስታወት በ50 ዶላር አካባቢ ይገኛል፣ ፎከሱ 900 የሆነውን ምረጡ። እሱም ቢሆን 70ውን በሰፊው ያስከነዳል።

እንጨት ላይ ለመቆጠብ ብላችሁ ቺፑድ እንዳትገዙ። ጤዛ ሲነካው ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ ያብጣል፣ ብሎኑም ተነቅሎ ይወጣል። ኮምፔንሳቶም ቢሆን ጠርዙን ሳታዩ አትክፈሉ። ንብርብሮቹ መሃል ክፍተት ካለ ሲቆረጥ ይላቀቃል።

ዲዛይኑ የጆን ዶብሰን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የቬዳንታ (የሂንዱ ፍልስፍና) ገዳም መነኩሴ ነበር። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከመርከብ መስኮት መስታወትና ከካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ እየሠራ መንገደኛውን ሁሉ ሰማይ ያሳይ ነበር። ሦስት እግር የለውም። ቱቦው ሣጥን ላይ ተደግፎ ወደ ላይና ወደ ታች ያዘነብላል፣ ሣጥኑ ደግሞ መሬት ላይ በተቀመጠ ጣውላ ላይ ይሽከረከራል። ጥርስ የለ፣ ሞተር የለ። ቢሰበር የሰፈር አናጢ ይጠግነዋል። ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው ያለቀው።

ቱቦው ክብ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ። አራት ረጃጅም ጣውላ ተጣብቀው፣ የውስጥ ስፋታቸው 19 ሴንቲ ከሆነ ለ150ው ይበቃል። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ፎከሱን ራሳችሁ ለኩ። ሻጭ 1200 ስላለ 1200 ነው ማለት አይደለም። መስታወቱን ወደ ጨረቃ አዙሩት፣ ትንሽ ወረቀት ከፊቱ ያዙና ጨረቃዋ ጥርት ብላ እስክትወጣ አቅርቡ፣ አርቁ። ከመስታወቱ እስከ ወረቀቱ ያለው ፎከሱ ነው። ከዚያ ላይ የቱቦውን ግማሽ ስፋትና የፎከሰሩን ቁመት ስትቀንሱ ትንሿ መስታወት የምትቀመጥበት ቦታ ይመጣል። ዋናው መስታወት ከጀርባው በሦስት ብሎን ይያዝ፣ እያንዳንዱ ላይ ስፕሪንግ ይግባ። መስመር የሚያዘው እነሱን በማጥበቅና በማላላት ነው። የብዕር ስፕሪንግ አይችለውም። ሞተር ሳይክል የሚጠግኑት ጋ ጠይቁ።

ሣጥኑ በሚሽከረከርበት ቦታ ዶብሰን ቴፍሎን የሚባል አዳላጭ ፕላስቲክ ነበር የተጠቀመው። ደሴ ውስጥ ቴፍሎን ፍለጋ አትንከራተቱ። ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ሦስት ቁራጮች አውጡና በምስማር ምቷቸው፣ የምስማሩ ጭንቅላት ሰምጦ ይግባ። በላያቸው የሚሄደው ፊት ላይ ፎርማይካ ለጥፉ። ኪችን ካቢኔት የሚሠሩ ቤቶች ቁራጩን ይጥሉታል። አናጢያችን ይህን ሲያይ «ልጄ፣ ግሪስ ብንቀባውስ?» አለኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቅር!» አልኩት። የሚፈለገው በጣት ሲገፋ የሚሄድ፣ ሲለቁት ባለበት ቀጥ የሚል ነው። ግሪስ ከገባ አቧራውን ይሰበስባል፣ ቱቦውም አልቆም ይላል።

«መስታወቱንስ ለምን ራሴ አልሞርደውም?» የሚለኝም አለ። ይቻላል፣ ግን የሚሞረድበት ዱቄት፣ የሚወለወልበት ዱቄትና ሬንጅ ሁሉ ከውጭ ነው። አልቆም በአሉሚኒየም የሚለበጠው አየር በሌለበት ማሽን ውስጥ ነው። ተዉት። የመላጫ መስታወትም አይሆንም፣ ልባጡ ከጀርባው ነው። የገዛችሁትን ለማወቅ የእርሳስ ጫፍ ሳታስነኩ አስጠጉለት። በጫፉና መስታወቱ ውስጥ በሚታየው ምስሉ መሃል ክፍተት ከቀረ የጀርባ ልባጥ ነውና መልሱት። ፊቱን በጣት መንካት ክልክል ነው።

ምን ይታያል? ፎከሱ 1200 ከሆነ በ25 ሚሊዋ 48 እጥፍ፣ በ10 ሚሊዋ 120 እጥፍ ያጎላል። የሳተርን ቀለበትና የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ያለ ጥርጥር ይታያሉ። ወሎ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ብዙው አውሮፓ የማያየው ይደርሰናል። ግንቦት ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን የኮከቦች ክምችት ፈልጉ። በ70ው የጥጥ ብናኝ ነው። በ150ው ጠርዙ ወደ ኮከብ መበታተን ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ስለማይከፈት ያኔ ጣውላ ቁረጡ። የደሴ ማታ ብርድ ስለሆነ መስታወቱን ከቤት አውጥታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ካልቀዘቀዘ ምስሉ ይርገበገባል።

ፀሐይ ላይ አታዙሩት። ሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ሲያልፍ ሰው ያገኘውን ጥቁር ነገር ሁሉ ዓይኑ ላይ ያደርግ ነበር። ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር የዓይን ሌንስ ላይ የምትጠመዝዝ ጥቁር መስታወት ከመጣች ዛሬውኑ ጣሏት። በሙቀት ስትሰነጠቅ ዓይን ይዛ ነው የምትሄደው።

70ውን ቀድማችሁ የገዛችሁ አትሽጡት፣ የሚገዛም የለም። እግሩን ፍቱና ቱቦውን በእንጨቱ ቴሌስኮፕ ጎን እሰሩት፣ ትልቁን ወደ ኮከቡ ለማነጣጠር ጥሩ ማፈላለጊያ ይሆናል። የጎረቤታችንን ልጅ ዕቃ ለዚሁ ልናወርደው ነው፣ የነጣውን ሌንስ መጥረግ ብቻ ነው የቀረን።