ከሆስፒታል ሲወጡ ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች የምትደርሱ ሶሻል ወርከሮችና ነርሶች፣ እናመሰግናለን

ዲስቻርጅ ተጽፎላቸው መሄጃ ለሌላቸው ሕሙማን ማደሪያውንም ሕክምናውንም አብራችሁ ለምትፈልጉ ሶሻል ወርከሮች፣ እንዲሁም በማገገሚያ ማረፊያ (ከሆስፒታል የወጡ፣ ገና ያላገገሙ ቤት አልባዎች በሚያርፉበት ቤት) ለምትሠሩ ነርሶች ምስጋናችን ከልብ ነው። ይህን የምንጽፈው የዋርድ ባልደረቦችና ቤተሰቦች በጊዜ እንዲጠሯችሁም ነው። በጊዜ ማለት ሰውየው አልጋ በያዘበት ቀን ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ሶሻል ወርከር ከአጠያየቁ ይለያል። «አድራሻዎ የት ነው?» ሲባል ብዙ ሰው ያፍርና የዘመድ ወይም የድሮ ቤቱን ይናገራል። ካርዱ ላይ ቤት እንዳለው ይጻፋል፤ ማደሪያ እንደሌለው የሚታወቀው ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነው። እናንተ ግን «ትናንት የት አደሩ? ከዚህ ሲወጡስ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ትላላችሁ። ድንገተኛ ክፍል የቆሸሸ ልብስ ከመጣሉ በፊት ኪሱ እንዲታይ የምትለፉትም በምክንያት ነው፤ መታወቂያው አብሮ ከተጣለ ምትክ ለማውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፣ የቤት ማመልከቻውም እስከዚያ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ የምናከብረው መድኃኒቱን ከማደሪያው ጋር ማገናዘባችሁን ነው። ለልብ ድካም የሚታዘዘው ፉሮሴማይድ ሽንት ያበዛል። ቀን መጸዳጃ የማያገኝ ሰው ክኒኑን ይዘለዋል፤ እግሩ ያብጣል፣ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል፣ ተመልሶ ይተኛል። መዝገቡ ላይ «መድኃኒቱን አልወሰደም» ተብሎ ያልፋል። እናንተ ለምን እንዳልወሰደ ትጠይቁና ከሐኪሙ ጋር ተማክራችሁ ሰዓቱን መጸዳጃ ወደሚገኝበት ጊዜ ታዛውራላችሁ። ኢንሱሊንም እንዲሁ ነው፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፣ አብዛኛው ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ግን ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ገደማ ይቆያል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለውን አንዱን ብቻ ሰውየው ይይዛል፣ ቀሪው በማረፊያው ፍሪጅ ይቆይለታል።

የማገገሚያ ማረፊያ ከተራ መጠለያ የሚለየው አልጋው ቀንም የሕመምተኛው መሆኑ ነው። ብዙ መጠለያዎች ጠዋት ሰው ያስወጣሉ፤ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ የታዘዘ ሰው ቀኑን ቆሞ ይውላል፣ ቁስሉም አይደርቅም። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የቤት አልባዎች ጤና ፕሮግራም እንዲህ ያሉ አልጋዎችን ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ሆስፒታሎች ቤት አልባ የሆነን ወይም ሊሆን የተቃረበን ሰው፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ለአካባቢው የቤት ጉዳይ አስተዳደር የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው።

ለምትልኩ ባልደረቦች፦ ማረፊያው ሆስፒታል አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ራሱ መጸዳጃ መሄድና መድኃኒቱን መዋጥ የሚችለውን ነው፤ አለመቻሉን ደብቆ መላክ ሰውየውን በማግስቱ ድንገተኛ ክፍል ይመልሰዋል። ደብዳቤው ላይ የቁስሉን ስፋት፣ ፋሻው በየስንት ቀን እንደሚቀየር፣ የመድኃኒቱን ዝርዝርና መጠን፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፉ። የሚጠጣ ከሆነ መጨረሻ የጠጣበት ሰዓት አይቅር፤ መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ስለሚነሳ የማታ ተረኛዋ ነርስ ማወቅ አለባት። ስልኩ ሊጠፋ ይችላልና፣ እሱ ከፈቀደ፣ የሶሻል ወርከሩ ቁጥርም በቀጠሮው ካርድ ላይ ይስፈር።

ዓርብ ከሰዓት ባትልኩ ይመረጣል፣ ቅዳሜና እሑድ የቤት ጉዳይ ቢሮ ዝግ ነው። ግድ ከሆነ ቢያንስ እስከ ማክሰኞ የሚያደርሰውን መድኃኒት ይዞ ይውጣ፤ ማዘዣ ወረቀቱን ሳይሆን መድኃኒቱን ራሱን።