ሁለት ሲም፣ አንድ ቆጣሪ

ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይያዝ። በፓስፖርት የኢትዮ ቴሌኮምን 09 እና የሳፋሪኮምን 07 ያውጣ። ከተማ ውስጥ የሁለቱን የኔት ጥቅል እያወዳደሩ መግዛት ይቻላል። ገጠር የሚወርድ ግን 09ን መተው የለበትም፣ ሽፋኑ ይሰፋል።

ይህን አይቶ «ቴሌ ሲሸጥ ረከሰ፣ መብራቱም ባቡሩም ይሸጥ» የሚል አይጠፋም። ታሪፉ ሲወርድ ግን ቴሌ ገና አልተሸጠም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነበር። ከሁለት ወር ቀደም ብሎ የያኔው ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ ዘርፉን ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት አስታውቋል፤ ታሪፉን ያስወረደው የተፎካካሪ ኮቴ ሳይሆን አይቀርም። ሳፋሪኮም ራሱ አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው።

ለመንግሥት ካዝናም ቢሆን ድርጅቱን ከመሸጥ ለተፎካካሪ ፈቃድ መሸጥ ይሻላል። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2021 የገዛው ፈቃድ አንዲት የቴሌ ማማ ሳትሸጥ 850 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በ2024 መጨረሻ በ300 ብር ለገበያ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን የቴሌ አክሲዮኖች ግን የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የውጭ ፓስፖርት የያዝን ደግሞ መግዛት አልተፈቀደልንም።

መብራት ሌላ ነገር ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው ሽቦ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ቢቀየር ደንበኛው የሚዞርበት ሁለተኛ ሽቦ የለም። ካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት የሚያርፍ ቀሪ ሒሳቡን ሐሙስ ወይም ዓርብ ይይ፤ ቅዳሜና እሁድ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ «ሲስተም የለም» ከተባለ በሻማ ማምሸት ነው።

የግል መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ሚኒባስ ይመስክር። ባለንብረቱ ግለሰብ፣ ታሪፉን የሚያወጣው መንግሥት። ሲመሽ መስመሩን ይቆራርጡታል፤ በአንድ ጉዞ የሚያልቀው መንገድ ሁለት ሒሳብ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት ወያላውን «እስከ መጨረሻው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ከመሸ በኋላ 8294 ደውሎ ራይድ የተባለውን የጥሪ ታክሲ መጥራት ይወደዳል፣ ግን ንትርክ የለውም።

ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ትኬቱ የሚቆረጠው በብር ነው፣ መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር። ፉርጎዎቹ የቆሙት፣ ሰልፉም የረዘመው በዚህ ነው። የግል ኩባንያ ቢረከበው ወይ ትኬቱን ያስወድዳል ወይ ድጎማ ይጠይቃል፤ ያው ግብር ከፋዩ ነው የሚከፍለው። ጠዋትና ማታ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ አይሞከር፤ ረፋድ ላይ መቀመጫ ሊገኝ ይችላል።