ከጮቄ ጫፍ ወይስ ከምሕዋር?
ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ ጎጃም ጮቄ ላይ ቴሌስኮፕ መትከል ወይስ አነስተኛ የጠፈር ቴሌስኮፕ ማምጠቅ? ለጀማሪ አገር ጮቄ ይሻላል።

የተራራው ጫፍ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያሳያል። መስተዋቱ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ካሜራው ቢያረጅ ይቀየራል። ክረምቱ ግን አያድርስ ነው!

ሳተላይት ደመና አያግዳትም። ዋናው ጥቅሟ ግን ሌላ ነው፦ የሞገድ ርዝመቱ ከ300 ናኖሜትር በታች የሆነውን አልትራቫዮሌት (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) አየሩ ውስጥ ያለው ኦዞን ስለሚውጠው፣ ትኩስ ኮከቦችን በዚያ ብርሃን ለማየት ከአየር በላይ መውጣት ግድ ነው። ችግሩ፣ 10 በ20 በ30 ሴንቲሜትር የሆነች ሳተላይት የምትይዘው መስተዋት ከ10 ሴንቲሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሳተላይቷ ውስጥ እየተሽከረከሩ አቅጣጫዋን የሚያስጠብቁት ትንንሽ ጎማዎች ከተበላሹም ኮከቡ ካሜራው ላይ ይንሸራተታል፤ ወጥቶ የሚጠግን የለም። ሦስት ጎማ ቢበቃም አራተኛ መጠባበቂያ የሚገጠመው ለዚህ ነው።