ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት የፈተና ጥራዝ

ለባንክ ቅጥር ፈተና ብዬ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት የአፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ጥራዝ ገዛሁ። የቁጥር ድርድሩ ክፍል አሪፍ ነው። 2፣ 6፣ 12፣ 20 ብሎ ቀጣዩን ይጠይቃል። ልዩነቱ 4፣ 6፣ 8 እያለ ስለሚያድግ መልሱ 30 ነው። መልስ ገጹ ላይ ግን 28 ተብሏል! ግማሽ ሌሊት ራሴን ስጠራጠር አመሸሁ። ለባለሱቁ ስነግረው፣ «ሁሉም የሚገዛው እሱን ነው» አለኝ። የቅርጽ ጥያቄዎቹ ሥዕሎችም በኮፒ ብዛት ጠቁረው ክቡ ከካሬው አይለይም።

የባሕርይ መጠይቁን ደግሞ መልስ ሰጥቶ ሸምድዱ ይላል። ቀልድ ነው። «ከሰው ጋር መሥራት እወዳለሁ» ያላችሁትን፣ ፈተናው ቆይቶ «ብቻዬን ስሠራ ይሻለኛል» ብሎ ገልብጦ ያመጣዋል። የሸመደደ እዚያ ጋ ይያዛል።

ለቁጥሩ ሲባል ግዙት። ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ መልስ ገጹን ግን ገንጥላችሁ ጣሉት።